የዳቦዬ ማጅራት

አማቼ የገዛ ልጁን በጸጉሯ ይዞ ወደ ትሪ ማጠቢያው ገንዳ ሲጎትታት እኔ ጓዳው በር ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ኋላ ሰውዬው ቀልድ እንደማያውቅ ትዝ አለኝ። አንገቷን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስደገፈና ያንን የተቃጠለ ሊጥ ከትሪ ላይ የሚፋቅበትን የሽቦ ብሩሽ አንስቶ ማጅራቷን ይፈገፍግ ገባ። እንደ ትሪ። እንደ እቃ። ልጅቷ ስትጮህ አፏ ውሃው ውስጥ ስለነበር ድምጿ የሚፈላ ድስት ነው የመሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቼ፣ ማለት የልጄ ባል፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቤታችን ከፊት ዳቦ ቤት ነው፣ ከኋላ እኛ እንኖርበታለን። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፣ አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አገር ምድሩ ዳቦዬ ነው የሚላት። ትንሽ ሳለች አባቷ ሰዓሊ ጠርቶ ፊቷን ከነጉንጯ በሩ ላይ ያለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ አሳላት። ገዢ ሲመጣ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ያያል፣ ቀጥሎ ባንኮኒው ጋ የቆመችውን ያያል፣ ጉንጯን ቆንጠጥ ያደርግና የዚህ ቤት ዳቦማ ምስክሩ እዚሁ ቆሟል ይላል። አማቼ ያኔ ደረቱ ሁለት ይሆናል። ሲመሻሽ ደሞ ያልተሸጠው ሁሉ የልጅቷ ነው። ስኳር የተነሰነሰበት፣ ክሬም የተሞላው፣ ጠርዙ የተሸረፈው ኬክ፣ ሁሉም። ዳቦ መጣል ሀጢአት ነው ይላል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ዳቦ የልጁ ሆድ ውስጥ ይቀብረዋል፣ እሱ ሀጢአት አይደለም።

ያን ቀን ታዲያ ማዶ ያለው ተፎካካሪው፣ እኛ ቀጭኑ የምንለው ጋጋሪ፣ ደጁ ላይ ወጥቶ ገዢ ሁሉ በተሰለፈበት ምን ቢለው ጥሩ ነው? ሊጥ ከማቡካትህ በፊት ልጅህን እጠባት፣ ማጅራቷ ጥላሸት ለብሷል አለው። ወሬውን ያገኘው ከጸጉር ሰሪዋ ነው። እኔ እዚያ ጸጉር ቤት ወንበር እስኪጎደጉድ ነው የምቀመጠው። የማን ባል የት እንዳመሸ፣ የማን ምራት ማንን እንዳኮረፈች አንድ አያመልጠኝም። የገዛ ልጄን ልጅ ማጅራት ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለኔም ነው።

ጥቁረቱ ደሞ እውነት ነበር። ከጸጉሯ ስር ጀምሮ አንገቷን ዞሮ እንደ ከፈይ ጨርቅ ወፈር ያለ ጥቁር ነው። ሳሙናም አይነካው።

«እድፍሽን ተሸክመሽ እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው?» ይላታል እየፈገፈገ።

ሽንኩርቱን ጥዬ ከኋላ ቀበቶውን ያዝኩና ጎተትኩት። ቀበቶው ተፈታ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ወረደ፣ እሱ ግን ዞር ብሎም አላየኝ። ጭኑን ለአላፊ አግዳሚ አስጥቶ ይፈገፍጋል። ሌላ ቀን ቢሆን ዓመት የሚያስቀኝ ነገር ነበር። ያቆመው ውሃው ሲቀላ ነው። ደሙን በመዳፉ ጠረገና አየው፤ ጥቁሩ እዚያው አለ። ብሩሹን ወርውሮ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ምድጃው ሄደ።

ቁስሉ መግል ያዘ። ልጅቷ ትራስ ላይ መተኛት ሲያቅታት እናቷና እኔ ሆነን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እዚያ ያለችው ሲስተር ቁመቷ ከባንኮኒያችን አይበልጥም፣ ምላሷ ግን የሚያህለው የለም። ፋሻውን ገልጣ አየችና ምን ሆና ነው አለች። ልጄ እንደ ልማዷ ወድቃ ነው አለች።

«ብሩሽ ላይ ነው የወደቀችው?» አለች ሲስተሯ።

ልጄ መሬት መሬት አየች። እኔ ግን ምን ቸገረኝ፣ ከሱሪው መውረድ ጀምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሲስተሯ አልሳቀችም። ጓንቷን አወለቀችና የዳቦዬን አገጭ ቀና አድርጋ ለሷ ነው የነገረቻት እንጂ ለኛ አይደለም። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይሄ እድፍ አይደለም። ሰውነትሽ ስኳሩ ሲበዛበትና ሲያቅተው ማጅራትና ብብት ላይ እንዲህ ይጠቁራል። ብትታጠቢ አይለቅም፣ ጥፋትሽም አይደለም።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሲፈገፍጋት ጮኸች እንጂ አላለቀሰችም ነበር።

ደሟን ወሰዱ። ስኳሯ የበሽታው ደፍ ላይ ቆሟል፣ አንድ እግሩን አስገብቷል አሉን። ጉበቷ ላይ ጮማ ተለጥፏል፣ ግፊቷም ለልጅ የማይሆን ነው። አሁን ከተያዘ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከተተወ ግን ሀያ ዓመት ሳይሞላት ቀሪ ዘመኗን ከመርፌ ጋር ልትኖር ትችላለች፤ ዓይንም ኩላሊትም እግርም አለበት። እግር ሲሉ ልጄና እኔ ተያየን። የአማቼ አባት እግሩን ተቆርጦ ነው የሞተው። ሰፈሩ ሁሉ ስኳር እንደነበረበት ያውቃል። አማቼ ግን ሚስማር ወግቶት ነው ይላል። እሱ ፊት ስኳር ያለ ሰው ጥርሱን ይዞ አይመለስም።

ሲስተሯ እንዲህ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ፕሮግራም እንዳለ ነገረችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ወፈር ያሉ ወጣቶች ከነቤተሰባቸው ይሰበሰባሉ። ልጄ አማቼን ለማስፈቀድ ስትገባ እኔ በሩ ስር ጆሮዬን ተክዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ማጅራቷ ይነጣል ወይ አላት። አዎ አለችው። እንግዲያው ትሂድ፣ ቶሎ አንጥተው ይመልሱልኝ አለ። ልብስ ንጽህና መስጫ የላካት ነበር የመሰለው።

ቅዳሜን እንዴት እንደወደድኳት አትጠይቁኝ። ከጸጉር ቤቱ ይበልጥ ወሬ ያለው እዚያ ነው። እናት ስለ ልጇ አጎራረስ አወራለሁ ብላ የባሏን ጉድ ታወጣዋለች። ሲስተሯ ደሞ ሕግ አላት። እዚያ ማንም ማንንም አይሰድብም፣ ማንም በሰው ፊት ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ማንም ጦሙን አያድርም። ውሃ በለስላሳ ምትክ፣ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ስልክ ከአልጋ ውጪ፣ በጊዜ መተኛት፣ በየቀኑ ላብ ጠብ እስኪል መንቀሳቀስ። ከሁሉ በላይ የምትለው ግን «ልጅ ብቻውን አይለወጥም፣ የሚለወጠው ቤቱ ነው» የሚለውን ነው። እኔማ ይሄን ስሰማ አማቼን አስቤ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ምድጃው ቢለወጥ ይቀላል።

ዳቦዬ መጀመሪያ ላይ ከግንቡ አትላቀቅም ነበር። ኳስ ሲወረወርላት ትሸሻለች። አንድ ቅዳሜ ሲስተሯ ወፍራም ገመድ ይዛ መጣችና ልጆቹን ለሁለት ከፍላ ጎትቱ አለቻቸው። የኛ ልጅ እኮ ከልጅነቷ የዱቄት ጆንያ የምታነሳ ናት። ተረከዟን መሬት ላይ ተክላ ወደ ኋላ ዘንበል ስትል ማዶ ያሉት ሁሉ እንደ ተልባ ስፍር ተንሸራተቱ። ደግመው ቢሞክሩም ያው። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ወገን ዳቦዬ የኛ ናት ብለው ተደባደቡ። አንዱ ያንዱን ሸሚዝ ቀደደው። ሲስተሯ በፊሽካ ነው የገላገለቻቸው።

በመንገድ ላይ ልጅቷ ክንዴን ይዛ ስትሄድ ብቻዋን ፈገግ ፈገግ ትላለች። ምንድነው አልኳት።

«እምዬ፣ ሰው በኔ ክብደት ተሻምቶ ሲጣላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም አልኳት። እውነቴን ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እሷና እናቷ ፈጠን ፈጠን እያሉ ይራመዳሉ። ልጄ ያልተሸጠውን ዳቦ ሲመሻሽ በጓዳ በር አውጥታ ጥግ ላይ ላሉት ጫማ ጠጋኞች ትሰጥ ጀመር። ዳቦዬ ለእራት አትክልትና ባቄላ ትበላለች፣ እኔም እበላለሁ፣ ሆዴም ቀለለኝ። ስትመረመር ስኳሯ ከደፉ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል አሉን። ማጅራቷም ጠባሳው እንዳለ ሆኖ ጥቁረቱ ሳሳ። ልብሷ ሰፋት። ጉንጯም ጎደለ።

ጣጣው የመጣው ከጉንጯ ነው። ገዢ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ያያል፣ ዝቅ ብሎ ልጅቷን ያያል፣ ፊቱን ያጠቁራል። አመማት እንዴ ይላል። አንዱ ዱቄቱ ተበላሽቶ ነው አለ፣ ሌላዋ እርሾው መርዝ አለው አለች። ጸጉር ቤቱ ውስጥ እኔ ስገባ ዝም ማለት ጀመሩ። ሰልፉ ቀስ እያለ መንገዱን ተሻገረና የቀጭኑ በር ላይ ቆመ።

አማቼ መጀመሪያ የተነሳው ልጄ ላይ ነው። ጫማ ጠጋኙ ገብቶ ለትናንቱ ክሬም እግዜር ይስጥልኝ ሲለው ነቃ። ጓዳ ገባና በጥፊ አንዴ ብቻ መታት። አንዴ ነው፣ ግን ከጆሮዋ ደም ወጣ። እስከ ዛሬ በዚያ ጆሮዋ ስጠራት አትዞርም። ዳቦ በየጥጉ እየጣልሽ ሀጢአት ውስጥ ትከቺኛለሽ ይላታል። ምርኩዜን ይዤ ስነሳ እሷ ናት እጄን የያዘችኝ።

በማግስቱ ደሞ ቀጭኑ አፉ አላርፍ አለው። ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሰሌዳህን አውርደው ጎረቤት፣ የሞተ ልጅ ፎቶ መስሏል አለ። አማቼ ዳቦ ከምድጃ የሚያወጣበትን ረጅሙን የእንጨት አካፋ እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። ሰው የሚከራከሩ መስሎት ቆሞ ያያል። አካፋውን በአግድሙ አፉ ላይ ነው ያሳረፈው። የጥርስ ድምጽ እንደ ደረቅ ብስኩት ነው፣ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ቀጭኑ ወደቀ፣ ሲነሳ መታው፣ ሲድህ መታው፣ የገዛ ዳቦ መደርደሪያው ስር ሲገባ እግሩን ይዞ ጎትቶ አውጥቶ መታው። አራት ሰው ነው የያዘው። የቀጭኑ ሚስት ጥርሶቹን ከዱቄት ውስጥ ስትለቅም አየኋት፣ የትኛው ጥርስ የትኛው ፍርፋሪ እንደሆነ እየለየች። ፖሊስ መጣ፣ ወሰደው፣ ሽማግሌ መጣ፣ መለሰው። እንዲህ ነው የኛ ሰፈር።

ሲመለስ ቁጣው አልበረደም፣ ዞረ እንጂ። ቅዳሜ የሚባል ነገር አለቀ አለ። ያቺ አጭር ሴትዮ ልጄን እያመነመነች ቤቴን አፈረሰችው አለ። ዳቦዬ ቀስ ብላ፣ አባዬ ስኳሬ እየወረደ ነው እኮ አለችው። ያቺን ቃል ባትጠራት ጥሩ ነበር። የስፖርት ጫማዋን ከእግሯ ላይ ፈልቅቆ አወጣና ምድጃው ውስጥ ከተተው። ዳቦው ገና አልወጣም ነበር። እንግዲህ ያን ቀን ከኛ ቤት ዳቦ የገዛ ሁሉ የተቃጠለ ጎማ በላ። እየመለሱ በሩ ላይ ሲወረውሩበት ዋሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ትራስ ነክሼ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደሞ አለቀስኩ፣ ልጅቷ ባዶ እግሯን ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበርና።

ሲስተሯን ጠየቅኋት፣ አሁን ቢቆም ምን ይሆናል ብዬ። አልደበቀችኝም። ይመለሳል፣ ሲመለስ ደሞ ደፉን ይሻገራል አለችኝ። ያንን ለዳቦዬ ነገርኳት። ቅዳሜ ሲደርስ እናቷ ባንኮኒው ጋ ቆማ አባቷን በወሬ ስትይዝ፣ ዳቦዬ የኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ እኔ ደሞ ያረጀውን የቤት ጫማዬን እየጎተትኩ በጓዳ በር ወጣን። በነጠላ ጫማ ገመድ ሳበች። አሸነፈችም።

ከሰዓት ስንመለስ የፊት ለፊቱ በር ክፍት ነው፣ ገዢ የለም። ገባን። አማቼ ከበሩ ጀርባ ነበር። ዘጋው፣ ቆለፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። አንገቱ ላይ ያቺ የማትለየው የላብ ፎጣው አለች፤ ክረምት ከበጋ፣ ምድጃው ጋ ሆነ ገበታ ላይ ሳትጠመጠም አይቼው አላውቅም። ባንኮኒው ላይ ክሬም የተሞላ ዳቦ በትሪ ሙሉ ተቆልሏል። ወንበር ወደ መስኮቱ አዙሯል፣ መንገደኛ እንዲያይ።

ቁጭ በይ አላት። አልተቀመጠችም። ጸጉሯን ይዞ አስቀመጣት።

«ሰሌዳው ላይ ያለችውን እስክትመስይ ድረስ ከዚህ አትነሺም» አላት።

የመጀመሪያውን አፏ ላይ አስጠጋ፣ ጥርሷን ገጠመች። አፍንጫዋን በሁለት ጣቱ አነቀው። አየር ሲያጥራት አፏን ከፈተች፣ ዳቦውን በጡጫው እስከ ጉሮሮዋ ሰደደው። ሁለተኛውን ደገመ። ክሬሙ በአፍንጫዋ ወጣ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እግሯ ወለሉን ይደበድባል፣ የኔ ነጠላ ጫማ አንዱ ተወርውሮ መስኮቱን መታው። ሊጥ የሚያቦካ ክንድ እኮ ነው፣ ማን ያላቅቀዋል። በምርኩዜ ጀርባውን መታሁት፣ ትከሻውን መታሁት፣ ሦስተኛውን ለጭንቅላቱ ስሰነዝር ምርኩዙን ቀምቶ በደረቴ ገፋኝ። የዱቄት ጆንያ ላይ ወደቅሁ፣ ጆንያው ፈነዳ፣ ዓይኔም አፌም ነጭ ሆነ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ነው ልጄ ከጓዳ ስትወጣ ያየኋት። ልቀቃት አለችው። ግንቡ ላይ የተደገፈውን የእንጨት አካፋ አንስቶ ግንባሯ ላይ አሳረፈው። ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ እንደ ደከመው ሰው። ከዚያ ደሙ ፊቷ ላይ ወረደና ዱቄቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ዳቦዬ አፏ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተፋችው። ተነሳች።

አባቷ አካፋውን ዘወር አድርጎ ሰነዘረባት፣ እሷ ጫፉን በሁለት እጇ ያዘችው። እሱ እጀታውን፣ እሷ የአካፋውን ምላስ። ተረከዟን ወለሉ ላይ ስትተክል አየሁ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ስትል አየሁ፣ ጌታ ሆይ፣ ይሄን ነገር አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። ሰውዬው ቢለቀው ኖሮ እሷ ናት በጀርባዋ የምትወድቀው። የኔ አማች ግን ሞቶም የያዘውን አይለቅም። እግሩ ዱቄቱ ላይ ተንሸራተተ። አንዴ ሳበችው፣ ሁለቴ ሳበችው፣ ሦስተኛው ላይ እንደ በሬ ተንደርድሮ መጣና አፍንጫው የባንኮኒውን ጠርዝ አገኘ። ሲሰበር ተሰማኝ፣ ልክ እንደ ቀጭኑ ጥርስ። ተንከባሎ ሊጥ ማቡኪያው ገንዳ ላይ በሆዱ ተደፋ። ጉልበቷን ጀርባው ላይ ጫነችበት። አባቷ ለዓመታት ያደለባት ክብደት በሙሉ እሱ ላይ አረፈ።

ፎጣው ወልቆ ወለል ላይ ወድቋል።

እኔ በአራት እግሬ እየዳህኩ ወደነሱ ስጠጋ ነው ያየሁት። ማጅራቱ ከሷ ይብሳል። እንደ ምድጃው አፍ የጠቆረ፣ ወፍራም፣ ተጣጥፎ የተደራረበ ከፈይ። ልጄ በደም ዓይኗ አየችው፣ አፏን ያዘች። አስራ ምናምን ዓመት አብራው ኖራ ይሄን አታውቅም ነበር። ፊቱን እየፈራች የኖረች ሴት ማጅራቱን መቼ ታያለች?

ዳቦዬም አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እምዬ፣ ብሩሹን አቀብይኝ» አለችኝ።

ሰው ቢጠይቀኝ ዓይኔ ዱቄት ገብቶበት ነበር እል ይሆናል። ግን እውነቱ፣ ብሩሹ የት እንደሚሰቀል አውቃለሁ፣ ተነሳሁ፣ አወረድኩት፣ በእጇ አስያዝኳት። ፈጥኜ ነው የሰጠኋት።

የመጀመሪያው ከላይ ወደታች ቆዳውን ይዞ ወረደ። ሁለተኛው ደም አወጣ። ሰውዬው ገንዳው ውስጥ እንደ ታረደ ነገር ተወራጨ፣ እሷ አልተነቃነቀችም። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ እቃ እንደሚያጥብ ሰው ነው የምትሰራው። ሦስተኛው ላይ ጮኸ። አራተኛው ላይ ቃል ወጣው።

«እድፍ አይደለም።»

እጇ ቆመ። «ምን አልክ?»

«እድፍ አይደለም። ልጄ፣ እድፍ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ከአፍንጫው የሚወርደው ደም ሊጡ ላይ ሲጠባጠብ ይሰማል። መንገደኞች መስኮቱን ሞልተውታል፣ ቀጭኑም ድዱን ይዞ ከመሃላቸው ቆሟል። አማቼ ፊቱን ወደ ሊጡ ቀበረና፣ «የአባቴ ነው» አለ። «ሚስማር አልነበረም።»

ብሩሹን ጣለችው። ከጀርባው ላይ ወረደችና እናቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች፣ በቀሚሷ ጫፍ ግንባሯን ያዘችላት። ከኪሱ ቁልፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሩን ከፍቼ መንገደኛውን፣ ምን ታያላችሁ፣ ዳቦ የለም፣ ሂዱ ብዬ አባረርኩ። ቁልፉን ለዳቦዬ ሰጠኋት።

ጤና ጣቢያ በአንድ ታክሲ ነው የሄድነው፣ ልጄ ግንባሯን ይዛ፣ እሱ ከፊት አፍንጫውን ይዞ። ሲስተሯ አንድ በአንድ አየችንና የዚህ ቤት ሰው ብሩሽ ላይ መውደቅ ይወዳል አለች። የልጄን ግንባር ሰፋችው። የሱን ደም ስትመረምር ስኳሩ ደፉ ላይ አይደለም፣ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣ ያውም ከቆየ ቆይቷል። እግሩን አስወልቃ ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ስታደርገው አልተሰማውም። ያኔ ነው ሰውዬው የተንቀጠቀጠው፤ አፍንጫው ሲሰበር ያልተንቀጠቀጠ።

ልጄ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፣ በዚህ ጊዜ ወድቃ ነው አላለችም። ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ሻይ እንኳ ሳላቀርብላቸው እዚያው ደጁ ላይ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አያድርም ብዬ አነጋገርኳቸው። አማቼ አሁን ወንድሙ ጋ ነው የሚያድረው። ወደኛ የሚገባው ሊጋግር ነው፣ በሩን የምትከፍትለትም ዳቦዬ ናት። ሰሌዳው ወረደ። አካፋው ከተሰነጠቀ ወዲህ አዲሱን ልጄ ነው የገዛችው፣ እጀታው አጠር ያለ።

ጸጉር ሰሪዋም ዘንድ ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ዝም ሲሉ፣ ዝም አትበሉ፣ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ከሱሪው ጀምሬ እስከ ብሩሹ አወራሁት። ስቀው ሲጨርሱ ጸጉር ሰሪዋን በአደባባይ አንድ ነገር አልኳት፤ የአገሩ ማጅራት በእጅሽ ነው የሚያልፈው፣ ከእንግዲህ ጥቁር ስታይ ለባለቤቱ ንገሪ፣ ለማዶ ጋጋሪ አይደለም። ሁለት ሴቶች ወዲያው እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሳረፉ።

ቅዳሜ ዳቦዬ እናቷ የገዛችላትን አዲስ ጫማ ተጫምታ ቆመች። አባቷ ምድጃው ጋ ነው፣ ማጅራቱ ላይ ፋሻ፣ ፎጣ የለም። ሰው ሳይነካው ወደ ጎን ዞር ብሎ አሳለፋት። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ልትከት ስትል እሱ ገና ውስጥ ነበር፤ ቆም አለች፣ ከፍታ ጠበቀች፣ ወጣ፣ ቆለፈች።

እሷና እናቷ ፈጠን ፈጠን፣ እኔ በምርኩዜ ጎተት ጎተት እያልን ጥጉ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላችን ነው። ራቅ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀኝ እግሩን እየሳበ። ይሄን ወሬ ለመናገር አፌን እንደከፈትኩ ልጅቷ ክንዴን ጠበቅ አደረገችው።

«አውቃለሁ እምዬ» አለችኝ፣ ሳትዞር። «ዝም ብለሽ ተራመጂ።»